የፊዮርዳሊሳ ቢሮ

ፊዮርዳሊሳ ቢሮ የምታውቀው በመጥረጊያና በባልዲ በኩል ነው። ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ትገባለች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ትደፋለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ መብራቱን አጥፍታ ትወጣለች። እንዲህም ሆኖ የራሷ የሆነ አንድ ቢሮ ነበራት። ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። አለቃዋ ዶን ኤቫሪስቶ ይባላል፤ ስኳር በሽታ ስላለበት ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ይነጫነጫል። አጠገቧ የምትቀመጠው ሴትዮ እጇ አመል አለበት፤ እስክሪብቶ ካየች አታልፍም። አየር ማቀዝቀዣው ደግሞ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ያለ ሹራብ አይቻልም። ፊዮርዳሊሳ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠረች፤ በኋላም የጸሐፊዎች ኃላፊ ሆነች። ቢሮው የሚከፈተው ግን ከዩኒቨርሲቲ መጠይቅ የያዘ ጠያቂ በመጣ ቀን ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው በዕጣ ነው። ፊዮርዳሊሳ ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ ጡት የምትጠባ ልጇን አንዬሊናን ይዛ፣ በዋና ከተማችን ከኦዛማ ወንዝ አፋፍ ላይ በተንጠለጠለው ላ ባራንካ ሰፈር፣ ዝናብ በሚያስገባ ቤት ትኖራለች። የልጅቷ አባት በጀልባ ወደ ፖርቶ ሪኮ እሻገራለሁ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። በዚህ መሀል መንግሥት ለወጣቶች ነጻ ትምህርት አመጣ ተባለ። ኮምፒውተር፣ ሒሳብ አያያዝ፣ የደንበኛ አቀባበል ይማራሉ፤ ሲጨርሱ ደግሞ ድርጅት ውስጥ ገብተው ለጥቂት ጊዜ ይሠራሉ። ለላ ባራንካ ልጅ ትልቁ ነገር ይኼ የመጨረሻው ነበር። በዚህ አገር ሥራ የሚገኘው በሚያውቁት ሰው ነው፤ የእኛን ሰፈር ሰው ደግሞ ማን ያውቀዋል? የሚያውቁን በአድራሻችን ነው፣ አድራሻውን ሲሰሙም ፊታቸውን ያዞራሉ። ያ ትምህርት ግን አንድ ጊዜ እንኳ በበሩ ያስገባል።

ተመዝጋቢው ከትምህርቱ ወንበር ቁጥር በዛና በቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ዕጣ ወጣ። ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ተመራማሪዎች በዚህ ደስተኞች ነበሩ። ፕሮፌሰር ኤልፒዲዮ የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት ምሁር ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ለብዙ ዓመታት እየተከታተልን እናነጻጽራለን፣ ትምህርቱ እውነት ኑሮ መለወጥ አለመለወጡን የምናውቀው በዚህ ነው እያለ አስረዳ። ማን ሰማው? የሁሉም ዓይን የሚሽከረከረው በርሜል ላይ ነበር። በሰፈራችን በየማዕዘኑ የሎተሪ ሱቅ አለ፤ የሞተች አክስቱን በሕልሙ ያየ ሰው ቁርስ ሳይበላ ሄዶ ቁጥር ይቆርጣል። ዕጣ እናውቃለን። ዛሬ ያልወጣለት ሰው ነገ እንደሚሞክርም እናውቃለን። ያላወቅነው፣ ያልወጣለትም ሰው ለማነጻጸሪያ እንዳልወጣለት ሆኖ እንዲቀመጥ የሚፈለግ መሆኑን ነው።

ለዲልሲያ ወጣላት። ዲልሲያ የፊዮርዳሊሳ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ተያይዘው ተመዘገቡ፣ ተያይዘው ሜዳው ላይ ቆሙ። ፊዮርዳሊሳ አቅፋ ሳመቻት፣ አብራት ዘለለች። ቤቷ ገብታ ልጅቷን ካስተኛች በኋላ ግን ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ቅናት ነው ብትሉም አልከራከርም።

ዓመት ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ሮስሜሪ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቅዳሜ መጥታ ጥቂት ጥያቄ ልትጠይቃት ትፈልጋለች።

«እኔ እኮ ዕጣ አልወጣልኝም፤ ተሳስተሽ እንዳይሆን» አለቻት ፊዮርዳሊሳ።

«አውቃለሁ። ዕጣው ባይወጣልዎትም ለእኛ በጣም አስፈላጊ ሰው ነዎት።»

ይቺን ቃል ፊዮርዳሊሳ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ደጋግማ አመነዠከቻት። አስፈላጊ ሰው ነዎት! አስፈላጊ ካልሆነ ሰው ጋር ማን ይደውላል? በርሜሉ ገና መሽከርከሩን አላቆመም ማለት ነው። በቀጥታ ወደ ጎረቤቷ፣ እመይቴ ለማለት ዶኛ እያልን ወደምንጠራት ወደ ዶኛ ኦንፋሊያ ሄደች። ዶኛ ኦንፋሊያ በላ ባራንካ የማታውቀው ነገር የለም፤ የማታውቀውንም ቢሆን ታውቀዋለች። የእሷም ወንድ ልጅ ዕጣ አልወጣለትም ነበር፤ ለእሱም ተደውሏል።

«ሊያዩን ነው የሚመጡት» አለች ዶኛ ኦንፋሊያ ሙዝ እየላጠች። «ማን ለወንበሩ እንደሚሆን ሊመርጡ።»

«መልስሽ ምንም አይለውጥብሽም ብላኛለች እኮ።»

«ፖሊስም እንደዚያ ነው የሚለው። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ የተቸገርሽ መስለሽ ከታየሽ ማን ያስጠጋሻል? እዚህ አገር ሥራ የሚሰጠው ሥራ ላለው ነው። ብድሩም እንደዚያው፣ ባሉም እንደዚያው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጸሐፊ ነኝ በያ። ማን ተከትሎ ያይሻል?»

ፊዮርዳሊሳ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች።

በላ ባራንካ እንግዳ ሲመጣ ገመና ይሸፈናል፤ ይኼ ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። ራት የሌለው ሰው «አሁን በላሁ» ይላል። ሶፋው የተሸፈነበት ላስቲክ ይነሳል፣ የሚያምረው ብርጭቆ ከቁም ሳጥኑ ይወጣል፣ ወንበር ከሱቅ ይመጣል። ያን ቅዳሜ ሮስሜሪ ከቤት ቤት ስትዞር የዶኛ ኦንፋሊያ ሰማያዊ ቬንትሌተር በጓሮ በኩል እየቀደማት ነበር። በፊት ለፊት በር ሮስሜሪ ስትወጣ፣ በኋላ በር ዶኛ ኦንፋሊያ ቬንትሌተሩን አቅፋ ወደሚቀጥለው ቤት ትሮጣለች። ልጅቷ በየቤቱ «ቬንትሌተር አላችሁ?» እያለች ጠየቀች፤ በየቤቱም እየተሽከረከረ አገኘችው። አንድም ጊዜ ሁሉም እንዴት ሰማያዊ ሆነ ብላ አለመጠየቋ ይገርማል። ምናልባት ድሆች ሁሉ የሚወዱት ቀለም መስሏት ይሆናል።

«ባለፈው ሳምንት ሠርተዋል?» አለች ሮስሜሪ፣ የቀረበላትን የፓሽን ጁስ እየጠጣች።

«በሚገባ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«ቢሮ። ጸሐፊ ነኝ።»

ፊዮርዳሊሳ ያን ሳምንት ሙሉ የሠራችው የውጭ ሰዎች የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ስትሰፋ ነበር። ቢሮው እንዲህ ተከፈተ። ዶን ኤቫሪስቶ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተወለደ፤ ስኳር በሽታው የመጣው በኋላ፣ በሌላ ዓመት ነው።

ጠያቂዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ፋብሪካው ጓዙን ጠቅልሎ የሰው ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ሄደ፤ ፊዮርዳሊሳ የሰው ቤት ልብስ አጠበች፣ በየማታው ቢሮ ጠረገች፣ የታመመች አሮጊት አስታመመች። ለጠያቂዎቹ ግን በዚያው ዓመት ዕድገት አግኝታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ውሸቱን ወደደችው። ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳ፣ እግሯን አነባብራ፣ «ዘንድሮ ሥራ በዝቶብናል» ስትል የእውነት ይደክማት ነበር። ጠያቂዋ አመስግና ስትወጣ ቬንትሌተሩ ይሄዳል፣ ወበቁ ይመለሳል፣ እሷም ሸሚዟን አውልቃ ባልዲዋን ታነሳለች። የዚያን ቀን ባልዲው ከሌላው ቀን ይከብዳል።

አንዬሊና በቢሮው አመነች። ልጅ አይደለች? «ማሚ፣ ቢሮሽ ውሰጂኝ» ትላለች፤ «አለቃዬ ልጅ አይወድም» ትላታለች። ትምህርት ቤት የእናታችሁ ሥራ ምንድን ነው ሲባል እጇን አውጥታ ጸሐፊ አለች። እናቷ ከፊዮርዳሊሳ ጋር የምትጠርግ አንዲት ልጅ እውነቱን ተናግራ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

አንዬሊና ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ሁሉም ውሸት ነው?»

ፊዮርዳሊሳ የምታጣጥፈውን አንሶላ አስቀመጠች። «ውሸት ነው።»

«ሰውዬውም? ስኳር ያለበት?»

«እሱም።»

ልጅቷ ከሁሉም በላይ የተከፋችው በዶን ኤቫሪስቶ ይመስላል። ፊዮርዳሊሳ አጠገቧ አስቀመጠቻትና የልቧን ነገረቻት። «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም አሁን። የእኔስ ጊዜ አልፏል። እነዚህ ሰዎች ደህና ቤተሰብ ነን ብለው ካሰቡ፣ ዕድሜሽ ሲደርስ ወንበሩን ለአንቺ ይሰጡሻል። አንቺ በባልዲ አትገቢም፤ በዋናው በር ትገቢያለሽ። ገባሽ?»

አንዬሊና ገባት። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሊመጣ ሲል ነጩን ሸሚዝ የምትተኩሰው እሷ ሆነች።

ወንበሩ ምን እንደሚያወጣ ደግሞ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ ዲልሲያ ቅርብ ናት። ዲልሲያ ትምህርቷን ጨርሳ ለልምምድ የተላከችበት ፋርማሲ በካሽየርነት አስቀራት። ሀብታም አልሆነችም፤ ግን ወር ሲመጣ ደመወዝ ይመጣል፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ትገባለች፣ ቆርቆሮው ተነስቶ የቤቷ ጣሪያ በሲሚንቶ ተሠርቷል። ዐውሎ ነፋስ ሲነሳ ፊዮርዳሊሳና አንዬሊና የሚያድሩት እዚያ ነበር። አንዬሊና ያንን ጣሪያ ጋደም ብላ ታየዋለች፣ ምንም ጠብ አይልም።

አንዬሊና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ያጠናቀቀች ዕለት ፊዮርዳሊሳ ዶሮ ገዛች። በሳምንቱ ተያይዘው ለመመዝገብ ሄዱ። በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

«ያ ትምህርት ተዘግቷል እመቤቴ።»

«መቼ ይከፈታል?»

«እሱን እነሱን ጠይቂ» አለ፤ እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን አልነገራትም።

እነሱ ራሳቸው መጡ። ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት የደከመበትን ጥናት ለሰፈሩ ሊያስረዳ ሁሉንም ጠራ፤ ዕጣ የወጣላቸውንም ያልወጣላቸውንም፣ በዚያው ቅርጫት ኳስ ሜዳ። ፕሮፌሰር ኤልፒዲዮ ጠጉሩ ሸብቷል። ደግ ሰው ነው፤ ሰው አይንቅም፣ ብዙዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል። ፊዮርዳሊሳና አንዬሊና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትምህርቱ የሚከፈትበትን ቀን እንደሚነግሩ እርግጠኞች ነበሩ።

«እዚህ ሜዳ ላይ ዕጣ ስናወጣ አንድ ጥያቄ ነበረን» አለ። «ትምህርቱ ዕጣ ለወጣላቸው ምን ጠቀመ? መልሱ እኛንም አስገርሞናል። ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ዛሬ ኑሯቸው እኩል ነው። ያልወጣላቸው እንዲያውም በትንሹ ይሻላሉ። ጸሐፊ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ባለ ሱቅ አለ። ማንም ሳይረዳችሁ በራሳችሁ ጥረት!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ የተነሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ትምህርቱን አቁሞ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ለማዋል ወስኗል። ውሳኔው ጥናታችንን መሠረት ያደረገ ነው።»

ሜዳው አጨበጨበ። ሰው ሲያሞግስህ ታጨበጭባለህ፤ እኛም አጨበጨብን። በገዛ ለቅሷችን ላይ ተቀምጠን እልል ማለታችን መሆኑን ያወቀ ጥቂት ነው።

አንዬሊና አላጨበጨበችም። «ማሚ» አለች ሳትዞር፣ «ስለ እኛ ነው የሚያወራው።»

ፊዮርዳሊሳም ገባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ነጩ ሸሚዝ፣ የሚያምረው ብርጭቆ፣ ዶን ኤቫሪስቶ፣ ሁሉም ለዚህች ልጅ በር ይከፍታል ብላ የደከመችበት ነበር። በሩን የቆለፈው ያው ውሸት ነው። የዋሸው ሌላ ሰው ቢሆን ትረግመው ነበር፤ ራሷ ሆነችባት። ብድግ አለች።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም።»

«አሁን ለቅቀዋል?» አለ በሐዘኔታ።

«ሆኜም አላውቅም። ቢሮ እጠርጋለሁ። ለላካችኋቸው ጠያቂዎች የነገርኳቸው ሁሉ ውሸት ነው፤ አለቃውም፣ ዕድገቱም፣ ቬንትሌተሩም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። «መጠይቅ ላይ ጥቂት ስህተት ሁልጊዜም ይኖራል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን በሁለቱም ወገን ስለሚሆን ይካካሳል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላውም ይጨምራል።»

ከኋላ ዲልሲያ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እኛማ አልጨመርንም። እኔ ደመወዜን ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ። ሌላ ኮርስ ይጨምሩልኛል ብዬ።»

ፕሮፌሰሩ ሁለቱን ሴቶች አየና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ፊቱ ላይ የፍርሃት ነገር ነበር። «ሌላ ሰው አለ? ከእውነተኛው ኑሮው የተለየ የነገረን? አትፍሩ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። እጃችሁን ብቻ አውጡ።»

ፊዮርዳሊሳ ዞራ አየች። ኪስ አብራት የሰፋችው ሴት፣ ልብስ አብራት ያጠበችው፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። በእንግዳ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በልጅ ፊት፣ ማን እጁን አውጥቶ ራት አልነበረኝም ይላል? ዶኛ ኦንፋሊያን አየቻት። በዓይኗ ለመነቻት። ዶኛ ኦንፋሊያ አርጅታለች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጇ በጥናቱ ላይ የጋራዥ ባለቤት ነው፣ የሚውለው ግን ዛፍ ሥር ዶሚኖ ሲጫወት ነው።

«እኔ ቤት የታየው ሁሉ የራሴ ነው» አለች ዶኛ ኦንፋሊያ ጮክ ብላ። «ቬንትሌተሩም የራሴ ነው።»

ይኼስ እውነት ነበር። ሰው ሳቀ፣ ነገሩም በሳቅ ውስጥ ሰጠመ። ፕሮፌሰር ኤልፒዲዮ ፊዮርዳሊሳን በአዘኔታ ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ ክፉ ጊዜ የገጠማት አንዲት ሴት አድርጎ እንዳያት ታወቃት። አሁን በልጆቹ ላይ አዲስ ጥናት እንደሚጀምሩ፣ እውነቱን ያኔ ከነገሯቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሊያየው እንደሚችል ነገራት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ! አንዬሊና ያኔ ስንት ባልዲ ተሸክማ ይሆናል?

እናትና ልጅ ቁልቁለቱን ወረዱ። አንዬሊና ብትሰድባት፣ ብትጮህባት ይቀላት ነበር። ልጅቷ ግን ቤት ሲደርሱ «የቢሮው ሰዎች ሌላ ጠራጊ ይፈልጋሉ አላልሽም?» ብቻ አለች።

በዚያው ሳምንት አብራት ሄደች። ፊዮርዳሊሳ ልጇን በኋላ በር አስገብታ መጥረጊያው የሚቀመጥበትን አሳየቻት።

ዓመቱ ሳያልቅ ጠያቂ መጣች፤ አዲስ ልጅ፣ ታብሌት የያዘች፣ አንዬሊናን ልታናግር። ፊዮርዳሊሳ ቆርጣ ነበር። ወንበር አልተበደረችም። የሶፋውን ላስቲክ አላነሳችም። ዶኛ ኦንፋሊያ ቬንትሌተሩን አቅፋ በጓሮ በኩል ስትመጣ «ዛሬ አይሆንም ዶኛ፣ ይቅርብን» ብላ መለሰቻት። ሦስቱ ሴቶች በወበቁ ውስጥ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ። ጠያቂዋ በአንዬሊና ዕድሜ ናት፤ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታለች፣ ጫማዋ ገና ከሱቅ የወጣ ጠረን አለው። አንዬሊና በሳሙና የተላጡ እጆቿን ከጭኗ ሥር ደበቀች።

«ባለፈው ሳምንት ሠርተሻል?»

«ሠርቻለሁ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

አንዬሊና የልጅቷን ጥፍር አየች። ከዚያ እናቷ ስታደርግ ያየችውን አደረገች፤ ጀርባዋን አቃንታ እግሯን አነባበረች።

«ቢሮ» አለች። «ጸሐፊ ነኝ። ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ።»

ፊዮርዳሊሳ አፏን ከፈተች። ውሸቷን ነው ልትል ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ እውነት ሊነገር ነበር። አንዬሊና ግን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ አትግፈፊኝ ይል ነበር፤ በዚህች ልጅ ፊት አትግፈፊኝ። ለአንዬሊና የቀራት ሌላ ምን አለ? ጠያቂዋ እየጻፈች ወደ እናቲቱ ዞረች።

«ጥሩ ሥራ ነው አይደል፣ ዶኛ?»

ፊዮርዳሊሳ አንገቷ ላይ የወረደውን ላብ በመዳፏ ጠረገች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሹራብ ይዘሽ ሂጂ እላታለሁ እንጂ። ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል።»